ዶማ፣ ጉዝጓዝ ወይስ መርጫ? ለጅማ ጓሮ የአረም ማጥፊያ አመራረጥ

ባለፈው ሰኔ ከወንድሜ ጋር በቪዲዮ ስናወራ ስልኩን ወደ ጓሮ አዞርኩለት። ቆስጣውንም፣ ቃሪያውንም፣ አጥሩ ጥግ ያሉትን ስምንት እግር ቡናዎችም ዋሪያት የሚባለው ሳር ውጧቸው ነበር። «መድኃኒት ልገዛለት ነው» አልኩት። እሱ የሚኖረው ፈረንሳይ ነው፤ ሳቀና «እዚህ ለጓሮዬ ነው ብትል የሚሸጥልህ የለም፤ ቤት ማስቀመጡም ክልክል ነው» አለኝ። በማግስቱ ወደ አንድ ሱቅ ጎራ አልኩ። ሻጩ ከትልቅ ጀሪካን ላይ በግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ቀድቶ አቀረበልኝ። ምን እንደሆነ ብጠይቀው «ያገኘውን ሁሉ ያነዳል» ከማለት በቀር ስሙን እንኳ አልነገረኝም። ሳልገዛ ወጣሁ። አስተዋይ ሆኜ አይደለም፤ እንዲህ ባለ ፕላስቲክ አንድ ጊዜ ተቃጥያለሁ፤ ታሪኩን ወደ ታች አመጣዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤቶቼ «የትኛው መድኃኒት ይሻላል?» እያሉ ይጠይቁኛል። ጥያቄው አንድ ደረጃ ዘሎ የመጣ ነው። መጀመሪያ መታየት ያለበት የአረሙ ሥር ነው፤ ቀጥሎ አረሙ አጠገብ ምን እንደተተከለና ማን እንደሚውል ነው። ሁለቱ ከታወቁ ምርጫው አይከብድም፤ በእኔ ግምት ከአሥር የጅማ ጓሮ ዘጠኙ መርጫ ሳይታዘል ይጸዳል። አሥረኛውን ደግሞ አልደብቅም፤ ለእሱ የሚሆን ቦታ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ አለ።

ሕጉ እዚህ፣ ሕጉ እዚያ

በአገራችን መሠረቱን የጣለው የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ነው። ስሙ «ተባይ» ስለሚል ብዙ ሰው አረም ማጥፊያን የማይመለከት ይመስለዋል፤ ይመለከታል። ያልተመዘገበ ኬሚካል ማስገባትም፣ መሸጥም፣ መጠቀምም ክልክል ነው። ምዝገባውን ዛሬ የያዘው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው። አንድ ምርት ሲመዘገብ ደግሞ ለየትኛው ሰብልና ለየትኛው አረም እንደሆነ ተለይቶ ነው፤ ለስንዴ የተመዘገበው ለጎመናችሁ አልተመዘገበም። በውሃ ፕላስቲክ የተቀዳውማ ስም የለው፣ መለያ የለው፣ ጊዜው ያለፈ ይሁን አይሁን የሚታወቅበት የለው። ዋናው ጀሪካን የተመዘገበ ቢሆን እንኳ እናንተ እጅ የደረሰው ማንነቱ የጠፋ ፈሳሽ ነው።

ወንድሜ የነገረኝ እውነት ነው። ፈረንሳይ ከእ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2019 ጀምሮ ለቤት ጓሮ ሰው ሠራሽ ፀረ-ተባይና ፀረ-አረም መግዛትም ማስቀመጥም ከልክላለች። ገበሬው ግን ይጠቀማል። የአውሮፓ ኅብረትም በሰፊው የሚታወቀውን አረም ማጥፊያ ግላይፎሴትን እስከ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 15 ቀን 2033 ድረስ ፈቅዶታል። ስለዚህ «አውሮፓ ከልክላዋለች» የሚባለው ወሬ ልክ አይደለም፤ ፈረንሳይ የከለከለችው ሥልጠና በሌለው ሰው እጅ መግባቱን ነው። አሜሪካ ደግሞ ሌላ ነው፤ የራውንድአፕ አረም ማጥፊያ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ባየር ለቤት ጓሮ በሚሸጠው ውስጥ ግላይፎሴትን ከእ.ኤ.አ. 2023 ጀምሮ በሌሎች ኬሚካሎች እንደሚተካ ሲያሳውቅ፣ ምክንያቱ የክሱን ብዛት ለመቀነስ እንጂ የጤና ሥጋት እንዳልሆነ ተናግሯል። ወደ ቡና አገሮች ስንመጣ ቬትናም ግላይፎሴትን በእ.ኤ.አ. 2021 አስቀርታዋለች። ስሪላንካ በ2015 ከልክላ፣ ሻይ አምራቾቿ ሲጮኹ መልሳ ላላች።

ከእነዚህ ሁሉ ለእኛ ጓሮ የሚስማማው የፈረንሳዩ ስሌት ይመስለኛል። አንድ ሄክታር በቆሎ ያለው ሰው በመድኃኒቱ የሚያገኘው ጥቅም ይታያል። አሥር በአሥር ሜትር ጓሮ ላይ ግን ጥቅሙ የሁለት ቀን ጉልበት ማዳን ነው፤ አደጋው ደግሞ ያው ነው።

አረሙን ከሥሩ ማወቅ

አንድ አረም ንቀሉና እዩት። ሥሩ እንደ ጢም ቀጫጭን ሆኖ ተያይዞ ከወጣ ብዙውን ጊዜ ዓመታዊ ነው፤ ከዘር ይበቅላል፣ ዘር ጥሎ ይሞታል። ሙጃ፣ ልብስ ላይ የሚሰካው የሰይጣን መርፌ፣ ሰማያዊ አበባ ያለው የውሃ አንቁር በአብዛኛው እንዲህ ናቸው። ለእነዚህ መድኃኒት መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ አበባ ሳይዙ መንቀል ይበቃል። የውሃ አንቁር ብቻ ተንኮል አለው፤ የተቆረጠው ግንድ እርጥብ አፈር ላይ ከወደቀ በየአንጓው ሥር ይሰዳል። ስለዚህ ነቅላችሁ እዚያው አትተዉት፤ ድንጋይ ላይ ወይም ጣሪያ ላይ አስጡት። ግላይፎሴትንም ከብዙዎቹ አረሞች የበለጠ ይቋቋማል፤ «ረጨሁት፣ አልሞተም» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ስለ እሱ ነው።

ስትጎትቱት ነጭ ገመድ እየተከተለ የሚመጣውና መሐል ላይ ተበጥሶ የሚቀረው ዋሪያት ወይም ሰርዶ ነው። እነዚህ ከመሬት በታች የሚኖሩ ናቸው፤ ላይ የምናየው ቅጠል ብቻ ነው። እንግጫ ሦስተኛው ነው። ሳር ይመስላል፣ ግን ሳር አይደለም፤ ግንዱን በሁለት ጣት ስታሽከረክሩት ባለ ሦስት ማዕዘን መሆኑ ይታወቃችኋል። ከሥሩ እንደ መቁጠሪያ የተያያዙ ትናንሽ ጥቋቁር ፍሬዎች አሉት፤ ስትነቅሉት ፍሬዎቹ ተበጥሰው ይቀሩና እያንዳንዳቸው ያበቅላሉ። ይህን መለየት ያስፈለገው ለዕውቀት ብቻ አይደለም፤ ሳርን ብቻ የሚገድሉ መድኃኒቶች አሉ፣ እንግጫን ግን አይነኩትም። ገዝቶ የተናደደ ሰው አውቃለሁ።

ዶማና ማጭድ

በእጅ ማረምን ሰው የሚንቀው ወቅቱን ሳይመርጥ ስለሚቆፍር ነው። ዋሪያትን በሐምሌ መኮትኮት ዋሪያት መዝራት ነው። አፈሩ ጨቅይቷል፣ የተቆራረጠው እያንዳንዱ ቁራጭ እርጥበት አግኝቶ ይነሳል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከበፊቱ እጥፍ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጅማ ዓመቱን ብዙውን ጊዜ እርጥብ ናት፤ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች። ደረቅ የሚባለው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ነው። ለዋሪያትና ለሰርዶ የዶማ ወቅት ያ ነው። ጥርስ ያለው ዶማ ያዙ፤ ስለታሙ ዶማ ገመዱን ይቆራርጠዋል፣ ጥርስ ያለው ግን ይዞት ይወጣል። አፈሩን ገልብጣችሁ ገመዱን እየለቀማችሁ ለፀሐይ አስጡት፤ ሲሰባበር ለማገዶ ማቀጣጠያ ይሆናል። ከሁለት ሳምንት በኋላ የተረፈውን ድገሙት። በመጋቢት ዝናቡ ሲመጣ የሚወጣው ጥቂት ስለሚሆን እየተከታተሉ መንቀል ይቻላል።

ቡና ሥር ግን ዶማ አይግባ። ቡና ምግቡን የሚስብባቸው ቀጫጭን ሥሮች ያሉት ላዩ አፈር ላይ ነው፤ ጠለቅ አድርጎ የኮተኮተ ሰው አረሙን ሳይሆን ቡናውን ይቀጣል። እዚያ ማጭድ ነው የሚሠራው፤ ዙሪያውን በእጅ አጽድቶ የቀረውን አጭዶ እዚያው መጣል። ከጥላ ዛፍ ሥር ያለ ቡና ውስጥ ዋሪያት እንደ ገላጣው አይበረታም። ጎማና ማና ወረዳ ቡና ማሳ ውስጥ የገባ ሰው አይቶታል፤ ሳሳና ቢርቢራ ያለበት ቦታ መሬቱ ቅጠል ለብሶ ይገኛል፣ ዛፉ የተቆረጠበት ደግሞ ሳር ነው። ጓሯችሁ ውስጥ ያለው ቡና ሁልጊዜ ሳር የሚበላው ከሆነ ጥያቄው የመድኃኒት ሳይሆን የጥላ ሊሆን ይችላል።

ወጪውን ስታሰሉ የቀን ሠራተኛ ሂሳብን ከመድኃኒቱ ዋጋ ጋር ብቻ አታወዳድሩ። መርጫ መከራየት አለ፣ ጓንትና ቦት ጫማ አለ፣ ሁለተኛ ዙር ርጭት አለ። በዚያ ላይ ሠራተኛው ሲያርም ጎመኑን ይኮተኩትላችኋል፤ መርጫ አይኮተኩትም።

ጉዝጓዝ

ጅማ ተቀምጦ ለጉዝጓዝ፣ ማለትም አፈር ላይ አንጥፎ አረም ለማፈን፣ የሚሆን ነገር አጣሁ የሚል ሰው ካለ ዙሪያውን አላየም። የቡና መፈልፈያ ወፍጮ ባለበት ሁሉ ገለባው ተራራ ሆኖ ይከመራል፤ አንዳንዱ ይቃጠላል፣ አንዳንዱ ወደ ውሃ መውረጃ ይጣላል። የእንሰት ቅጠል አለ፣ የሙዝ ቅጠል አለ። በየመደብሩ በር ላይ የሚጣለው ካርቶንም ወርቅ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አረሙን አጭዱ፣ ካርቶኑን ማጣበቂያ ፕላስተሩን ልጣችሁ እየደራረባችሁ አንጥፉ፣ ውሃ አርከፍክፉበት፣ ላዩ ላይ አንድ ስንዝር የሚጠጋ የቡና ገለባ አልብሱ። የዓመታዊ አረም ዘር ብርሃን ስለሚያጣ ያበቃለታል። ዋሪያት ግን ጉዝጓዝ ብቻውን አያቆመውም፣ ይወጋውና ይወጣል፤ ካርቶኑ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ካርቶኑም ቢሆን አንድ ክረምት ነው የሚቆየው። በጎን የሚሾልከውን እየጠበቁ መንቀል ያሻል።

ስለ ገለባው ሁለት ነገር ልጨምር። ትኩሱ ገለባ ሲብላላ ስለሚሞቅ ቢያንስ ጥቂት ወራት ከርሞ የጠቆረውን ምረጡ። ከተክሉ ግንድ ደግሞ አንድ መዳፍ ያህል አርቁት፤ ግንዱን ካቀፈው ያበሰብሰዋል፣ ምስጥም ይጋብዛል። እማማ የምላቸው አንዲት ጎረቤቴ እንዲያውም ገለባውን አይገዙም፣ አይሸከሙም፤ በሐሙስ ገበያ የሚመለስ ባለጋሪ ለምነው ደጃቸው ያስጥላሉ። ስኳር ድንችና ዱባም መሬቱን ሸፍነው አረም ያፍናሉ፤ በዚያ ላይ ይበላሉ።

ቤት ያፈራው መድኃኒት

ጨው የሚረጩ አሉ። አረሙ ይሞታል፤ ከእሱ ጋር አፈሩም ለረጅም ጊዜ ይሞታል፣ ዝናቡም ጨውን ወደ ጎረቤት አትክልት ያወርደዋል። የተቃጠለ የመኪና ዘይት ከዚያም ይከፋል፤ የጉድጓድ ውሃ የሚጠጣ ሰፈር ውስጥ ይህን ማድረግ ነውር ነው። ኮምጣጤ ቅጠሉን ያቃጥላል፣ ሥሩን አይነካም፤ ከሱቅ የምንገዛው አምስት በመቶ አካባቢ ስለሆነ ለጫጩት አረም እንጂ ለአዋቂው አይሆንም። ከእነዚህ ሁሉ የሚሻለው የፈላ ውሃ ነው። ግቢያቸው ኮብልስቶን ለሆነ ሰዎች ሌላ ነገር አልመክርም፤ በድንጋዩ መሐል የሚወጣውን ትንንሽ ሳር በየሳምንቱ ከማንቆርቆሪያ የተረፈውን ማፍሰስ ነው። እግራችሁን ብቻ ጠብቁ።

ኬሚካሎቹ፣ አንድ በአንድ

ግላይፎሴት በሰፊው የሚታወቀው ነው። በቅጠል ገብቶ ወደ ሥር ይወርዳል፤ ስለዚህ ከመሬት በታች ላለው ዋሪያት ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። አፈር ሲነካ ከሸክላው ጋር ተጣብቆ ኃይሉን ያጣል፤ በዚህ የተነሳ ዘርን አይከለክልም፣ ከርጭቱ በኋላ የሚበቅለው አዲስ አረም «መድኃኒቱ አልሠራም» ማለት አይደለም። ይኸው ጠባዩ አንድ ብልሃት ያስተምራል፤ በደፈረሰ የአዌቱ ወንዝ ውሃ የተበጠበጠ ግላይፎሴት ገና መርጫው ውስጥ እያለ ነው የሚከሽፈው። ንጹሕ ውሃ ይፈልጋል። ውጤቱም ይዘገያል፤ ቅጠሉ ቢጫ እስኪሆን አንድና ሁለት ሳምንት ይወስዳል። በሦስተኛው ቀን ደግመው የሚረጩ ሰዎች ገንዘባቸውን ሁለት ጊዜ ይከፍላሉ።

ዕፅዋት አይመርጥም። የርጭቱ ጭጋግ ቡና ላይ ካረፈ ለጋው ቅጠል ጠብቦ እንደ ማሰሪያ ይሆናል፤ ትንሽ ችግኝ ከሆነም ይደርቃል። በጤና በኩል፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በእ.ኤ.አ. 2015 «በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል የሚገመት» በሚለው ምድብ አስቀምጦታል፤ የአውሮፓና የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች ደግሞ በአግባቡ ከተያዘ ያን ሥጋት አላየንም ብለዋል። ክርክሩ አላለቀም። እኔ የማደርገው ቀላል ነው፤ ባልተስማሙበት ነገር ላይ ልጆቼን አላስሞክርም።

ቱ-ፎር-ዲ ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም ገድሎ ሳርን ይተዋል፤ ጤፍና ስንዴ ገበሬ ለዚህ ይወደዋል። ለጓሮ ግን ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው፤ ምክንያቱም የምንተክለው ሁሉ፣ ቡናውም፣ ጎመኑም፣ አቮካዶውም፣ ቃሪያውም ሰፊ ቅጠል ነው። አሁን ያቺን ታሪክ ላምጣት። ከዓመታት በፊት በውሃ ፕላስቲክ የተቀዳ «ራውንድአፕ» ገዝቼ አጥሩ ሥር ያለውን ሰርዶ ረጨሁ። በሦስተኛው ቀን ሰርዶው ለምለም ነው፤ አራት ሜትር ርቆ የነበረው ቲማቲም ግን ቅጠሉ ተጠቅልሎ፣ ግንዱ ተጣሞ እንደታመመ ሰው አንገቱን ደፍቷል። ሳሩ ቆሞ ቲማቲሙ ሲጣመም ነው የተሸጠልኝ ቱ-ፎር-ዲ መሆኑን ያወቅኩት። በዚህም አላበቃም፤ መርጫውን በውሃ ብቻ አለቅልቄ በሚቀጥለው ወቅት ለሌላ ነገር ስጠቀምበት ቃሪያዬም ተጣመመ። ቲማቲምና ቃሪያ ለእሱ እጅግ ስስ ናቸው፤ ያደረ ጠብታ ይበቃቸዋል። ስለዚህ መርጫ የምትዋሱ ወይም የምትከራዩ ሁሉ፣ መጀመሪያ ጠይቁ፤ ባለፈው ምን ተረጨበት?

ፓራኳት ላይ ረጅም አልጽፍም። አረንጓዴውን በአንድ ቀን ያነዳል፣ ሥሩን አይነካም፤ ዋሪያት በወሩ ይመለሳል። ሰው አንድ ጉንጭ ከዋጠው የማርከሻ መድኃኒት የለውም። ስዊዘርላንድ ከእ.ኤ.አ. 1989 ጀምሮ፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ2007 ጀምሮ አስወግደውታል። ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ፣ ማለትም የትም ቤት ውስጥ፣ አይግባ። አትራዚን የበቆሎ ነው፤ አፈር ውስጥ ይቆያል፣ ወደ ጉድጓድ ውሃ ይሰርጋል፣ በበቆሎው ቦታ ቀጥሎ የሚተከለውን ጎመን ያበላሻል። ለጓሮ አይደለም።

ጠርሙሱ ላይ ስለምታዩት የቀለም መስመር አንድ ነገር ልበል። ቀይ እጅግ አደገኛ፣ ቢጫ መካከለኛ፣ ሰማያዊ ዝቅ ያለ፣ አረንጓዴ ከዚያም ያነሰ ማለት ነው። ጥሩ መመሪያ ነው፤ ግን የሚናገረው ሲጠጣ ወይም ሲነካ ወዲያው ስለሚያደርሰው ጉዳት ብቻ ነው። በዓመታት ስለሚመጣው አይናገርም። ፓራኳት ራሱ በዓለም ጤና ድርጅት ደረጃ የሚገኘው ከቢጫው ምድብ ነው፤ ስለዚህ «ቢጫ እኮ ነው» ብሎ መጽናናት አይቻልም።

የትኛው ለማን

የጓሮ አትክልት ያላችሁ፦ በእጅ ማረምና ጉዝጓዝ። በምትበሉት ጎመን መሐል መርጫ ይዞ መዞር ምንም ስሌት አያዋጣውም። ጫት ያላችሁ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ ጎመን ቢያንስ ታጥቦ ይበስላል፣ ጫት ግን ለጋው ጥሬውን ነው የሚቃመው።

ለሽያጭ የሚሆን ቡና ያላችሁ፦ ማጭድ፣ ጥላ፣ ጉዝጓዝ። ኦርጋኒክ ተብሎ በተመሰከረለት ማኅበር ውስጥ ካላችሁ ሰው ሠራሽ ፀረ-አረም ጨርሶ አይፈቀድም፤ የአንዱ ርጭት የሁሉንም ምስክር ወረቀት ሊያስነጥቅ ይችላል። ከዚያ ውጭ ብትሆኑም የአውሮፓ ገበያ በቡና ፍሬ ላይ የሚታገሠው የግላይፎሴት መጠን በኪሎ 0.1 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ የፀረ-ተባይ ቅሪት አግኝታ ግዢዋ እንዴት እንደወረደ በንግዱ ያሉ አይረሱትም፤ ያኔ ጥርጣሬው ያረፈው ማሳው ላይ እንኳ አልነበረም፣ በጆንያው ላይ ነበር።

ቀፎ ያላችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ቀፎ ያለው፦ አጥር ሥር የሚያብበውን መጭና አደይ አበባ «አረም ነው» ብላችሁ አትጨርሱት። ከመስከረም እስከ ኅዳር ንቦቹ የሚኖሩት በእሱ ነው።

በአዌቱ ዳር ወይም በቦዬ ረግረግ አካባቢ የምትኖሩ፦ ዶማ ብቻ። አንዳንድ የግላይፎሴት ምርቶች ውስጥ ያለው ማጣበቂያ ሳሙና ለዓሣና ለእንቁራሪት ከግላይፎሴቱ ይብሳል፤ የአውሮፓ ኅብረት በጣም የሚታወቀውን ዓይነት በእ.ኤ.አ. 2016 ከምርቶቹ ያስወጣው ደግሞ ለሰው ጤና ሰግቶ ነው።

አሥረኛው ጓሮ የቀረው ነው። አዲስ መሬት ገዛችሁ ወይም ወረሳችሁ፣ ከዳር እስከ ዳር ዋሪያትና ሰርዶ ነው፣ ገና ምንም አልተከላችሁም፣ ለመቆፈርም ጉልበት የለም። እዚህ ላይ ግላይፎሴትን አንድ ጊዜ፣ በአግባቡ መጠቀም ምክንያታዊ ነው እላለሁ። ጊዜው ከዶማው በተቃራኒ ነው፤ ዶማ በደረቁ ወቅት ሲሆን ርጭት ግን አረሙ እያደገ እያለ፣ አንድ ስንዝር ገደማ ሲሆን፣ አበባ ሳያወጣ ነው። አቧራ የለበሰ የጥር ቅጠል መድኃኒቱን አይጠጣም። ለእኛ አየር የሚመቸው ዝናቡ የሚሳሳበት የመስከረም መጨረሻና ጥቅምት ነው፤ ጤዛው እንደረገፈ በማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ የከሰዓቱ ዝናብ ሳይደርስ። መለያው ላይ ያለውን ከዝናብ በፊት የሚያስፈልግ ሰዓት ተመልከቱ፤ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ከዚያ ሁለት ሦስት ሳምንት ሳትነኩት ቆዩና የሞተውን ቆፍሩ። እንግጫ ከሆነ በአንድ ዙር አትጨርሱትም።

ከወሰናችሁ

የታሸገ ብቻ ግዙ። የምዝገባ ቁጥሩን፣ የመድኃኒቱን እውነተኛ ስም ማለትም ከንግድ ስሙ ሥር በትንሹ የተጻፈውን፣ የተመረተበትንና የሚያልፍበትን ቀን እዩ። መጠኑን በሂሳብ አውጡት፤ መለያው በሄክታር 3 ሊትር ቢል፣ አሥር በአሥር ሜትር ለሆነ ጓሮ የሚደርሰው 30 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። የአንድ ሊትር ጠርሙስ የገዛ ሰው የቀረውን 970 ሚሊ ሊትር ለዓመታት ቤቱ ያስቀምጣል፤ የማጀት አደጋ የሚመጣው ከዚህ ትርፍ ነው። ትንሹን ጠርሙስ ፈልጉ፤ ካጣችሁ ከጎረቤት ጋር ተዋጡና በአንድ ቀን፣ ከዋናው ጠርሙስ ሳይገለበጥ ተጠቀሙበት። ለመለኪያ የቡና ሲኒ አይነሳ፤ የሕፃናት ሽሮፕ መለኪያም አይሁን።

አደገኛው ሰዓት ርጭቱ ሳይሆን ብጥበጣው ነው፤ ያኔ ነው ያልተቀጠነው እጅ ላይ የሚፈሰው። የጎማ ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ ረጅም እጅጌ፣ የዓይን መከላከያ አድርጉ። የመርጫው አፍንጫ (ኖዝል) ሲዘጋ በአፍ የሚነፉ ሰዎች አያለሁ፤ ተዉት፣ በውሃና በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳል። ሁለትና ሦስት ነቁጥ ዋሪያት ብቻ ከሆነ መርጫም አያስፈልግም፤ በጓንት ላይ ስፖንጅ ይዞ ቅጠሉን መቀባት ይቻላል፣ ጭጋግ ወደ ቡናው አይሄድም። መለያው ለዚህ አሠራር የተለየ መጠን ሊሰጥ ስለሚችል አንብቡት። ያልገባችሁ ካለ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ወይም መልኮ ያለውን የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ጠይቁ፤ ቡናና አረሙን የሚያጠኑ ሰዎች ቅርባችን ነው ያሉት።

ዶሮና ልጅ ቅጠሉ እስኪደርቅ አይግቡ፤ ከብትና በግ መለያው እስከሚለው ቀን ድረስ አይሰማሩበት። አንድ ሰው ከዋጠ ለማስታወክ አትሞክሩ፣ ወተትም አታጠጡ፤ ጠርሙሱን ከነመለያው ይዛችሁ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሩጡ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስሙን ነው፤ የውሃ ፕላስቲክ ይዞ የሄደ ሰው መልስ የለውም።

ባዶውን ጠርሙስ ሦስት ጊዜ አለቅልቁ፣ እጣቢውን እዚያው መርጫ ውስጥ ጨምሩ፣ ጠርሙሱን ብሱት። የኛ ሰፈር ባዶ ጀሪካን አይጥልም፤ ካልተበሳ በሳምንቱ ዘይት ወይም ውሃ ይዞ ታገኙታላችሁ።

የእኔን ጓሮ ለምትጠይቁኝ፦ ቃሪያና ቆስጣው መሐል ካርቶንና የቡና ገለባ ለበሰ፣ ቡናው ሥር ማጭድ፣ አጥሩ ጥግ ያለውን ዋሪያት ደግሞ እስከ ጥር ታግሼ በጥርስ ዶማ አወጣሁት። ሁለት ሙሉ ቀንና አንድ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አሁንም በካርቶኑ ጠርዝ ሦስት አራት ቦታ ላይ ይሾልካል፤ ጠዋት ጠዋት ቡና እስኪፈላ ድረስ እነቅለዋለሁ።